ጊዮርጊስን ሲሳለሙ የደረሰ ግጭት

«ኢንሹራንስ ይክፈለኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚመረመረው ዓይኑ ነው» ይላሉ እትዬ እሌኒ። ይህን ወሬ ከፋሲካ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደ ደጋገሙት ቆጥሬ አልዘልቀውም። በአጥሩ ላይ ብቅ ሲሉ ይሉታል፣ ወንፊት ሊዋሱ ሲመጡ ይሉታል፣ ወንፊቱን ሊመልሱ ሲመጡ ደግሞ ሰምተነው እንደማናውቅ ቆጥረው እንደ አዲስ ይጀምሩታል። የወሬው ሰውዬ የግሽ አባይ ሰፈር ሰው ነው፤ ስሙ አይታወቅም። መኪናውን ከግንብ አጋጭቶ ኢንሹራንስ ቢሄድ ወደ ሐኪም ቤት ላኩት፤ ሐኪሙ ግድግዳው ላይ አንዲት ፊደል አሳይቶ «አንብብ» አለው፤ ሳያነብ ቀረ፤ ብሩም ቀረ፣ መንጃ ፈቃዱም እዚያው ቀረ። ፊደሏ አንዳንድ ቀን «ሐ» ትሆናለች፣ አንዳንድ ቀን «ጨ»። ፊደሏ በየሳምንቱ የምትለዋወጥ ወሬ እኔ አላምንም። ደግሞስ ሱቄ ግሽ አባይ ነው፤ ኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ማመልከቻ። በዚያ ሰፈር መንጃ ፈቃዱን የተቀማ ሰው ቢኖር ኖሮ አቤቱታውን የሚያስጽፈው እኔ ዘንድ ነበር።

ዓርብ ጠዋትም አሉት። አባቴ በረንዳው ላይ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ነበር፤ እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ ልብስ እያሰጡ፣ ለማንም ሳይሆን ለሰማዩ የሚናገሩ መስለው፣ የግሽ አባዩን ሰውዬ አንድ ጊዜ ደግመው ቀበሩት። አባቴ ማኘኩን አቆመ። ቀና ብሎ ወደ ግቢው ዞረ። ግቢው ውስጥ ነጯ ዲኤክስ መኪናችን የቀኝ ፊቷን በአንሶላ ተከናንባ ቆማለች። አንሶላውን ያለበሳት ራሱ ነው። ሰኞ ዕለት ከባጃጅ ኋላ ጋር ተጋጭታ የቀኝ መብራቷ ረግፏል፣ የፊት መከላከያዋ ተሰንጥቋል፣ ኮፈኗ እንደ ተከፋ ሰው ግንባር ተጨማድዷል። ባለጋራዡ ገድሉ ረቡዕ መጥቶ አንሶላውን ገለጠና ዙሪያዋን አይቶ «ሃያ ስድስት ሺህ ብር» ብሎ መልሶ ሸፈናት፤ እንደ ሬሳ።

አባቴ ሙሉ ዋስትና ነው የገባው። ከተማው ውስጥ ያሉ የመኪናዋ እኩዮች ሁሉ ሕግ ያስገደዳቸውን የሦስተኛ ወገን ብቻ ከፍለው ሲያበቁ፣ እሱ በየዓመቱ መስከረም ላይ ሙሉውን ይከፍላል፤ አሥራ አንድ ዓመት፣ እንደ ስለት። አንድም ቀን መልሶ ጠይቆ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሰጥቶ የሚረሳ ደግነት አይገባኝም። አሥራ አንድ መስከረም የተከፈለው ለዚህች ለአንዲት ሰኞ ነው። ውሉ አደጋው በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ማመልከት ግዴታ ነው ይላል፤ ዓርብ አምስተኛው ቀን ነበር። ቅጹ ከማክሰኞ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ወረቀትም፣ የመንጃ ፈቃዱ ቅጂም ተያይዟል። የቀረኝ ለባለ ባጃጁ የተተወው ቦታ፣ አንድ መስመርና የአባቴ ፊርማ ነበር። መስመሩ «የአደጋው ምክንያት» ይላል።

ምክንያቱን ሰኞ ማታ ነግሮኛል። በሐይቁ ዳር መንገድ ሲያልፍ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ እጁን ከመሪው አንሥቶ አማተበ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተሳለመ፤ ቀና ሲል ባጃጁ ቆሟል። በቃ። እንግዲያው እንዲያው አድርገን እንጻፈው አልሁት። ደነገጠ።

«ምን ሲደረግ? ጊዮርጊስን ተከሳሽ ላድርገው?»

«እሺ፣ ፍሬን እንቢ አለኝ በል።»

«ፍሬኑ ምን በደለኝ?»

ዝናብ ነበር እንበል አልሁ፤ በግንቦት ምን ዝናብ አለ አለኝ። ለግማሽ ክፍለ ከተማ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ስንቱን ሌባ በቃላት አጥቤ ንጹሕ አድርጌ አስገብቻለሁ፤ የገዛ አባቴን አንዲት መስመር ግን መሙላት አቃተኝ። ሰማዕቱን ሳንነካ፣ ፍሬኑን ሳናማ፣ ሳንዋሽ፣ አራት ቀን አለፈ። ዓርብ ጠዋት ግን ዳቦው እጁ ላይ ሻዩን እየጠጣ ሲፈርስ አይቼ የእትዬ እሌኒ ወሬ እንደ ገባበት ገባኝ። ራሴ ቢሮአቸው ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ወሬውንም ምክንያቱንም አጣርቼ እመጣለሁ አልሁት።

«ጠይቂ እስቲ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ዓይኔ እንደሆነ ምንም አልሆነ» ብሎ ጨመረበት።

አባቴ ምናሴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ መርማሪ ነበር። ከበታቹ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ አቡጀዲው እንደ ወንዝ ሲያልፍ ቆሞ ያያል፤ አንዲት ክር ከጎደለች እጁን ያነሣል፣ ማሽኑ ይቆማል። ከጡረታ በኋላም የሰው ቤት መጋረጃ አይቶ «ይህ የሌሊት ፈረቃ ሥራ ነው» ይል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኔ ምንም አልሆነ ሲል ማን ይከራከረዋል? እኔም ሥራዬ ብዬ አልሰማሁትም።

እናቴ እዚህ ብትሆን ኖሮ ነገሩ አራት ቀን ባልፈጀ ነበር። እናቴ ፅጌ ማርያም ግን ከቅዳሜ ጀምራ ቆላ ድባ ናት፤ ለወንድሟ ለአጎቴ ለአዘዘ ተዝካር ሄዳ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ዓርብ ከሰዓት እገባለሁ ብላለች። ግጭቱን በስልክ አልነገርናትም፤ በተዝካር ላይ መርዶ ምን ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ምላሷንም ፈርተን ነው። እናቴ አባቴ አጠገብ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ አታውቅም። «ባጃጅ» ትላለች። «ሴትዮዋ ልትሻገር ነው» ትላለች። «ጉድጓድ»፣ «ቀይ ሆነ»፣ «አህያው ከነጭነቱ መጣልህ»። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጊዮርጊስ» ትላለች፤ ያኔ አባቴ ያማትባል። እኛ ልጆቿ ከኋላ ተቀምጠን በሳቅ እንሞታለን። እሱ ተቆጥቷት አያውቅም፤ ይህንንም ትዕግሥት ነው እንል ነበር። እኔ ስነዳ ግን (መንጃ ፈቃዴን በሦስተኛው ፈተና ነው ያገኘሁት፤ ለሰው የምናገረው በሁለተኛው ነው) እናቴ ያንኑ ወንበር ይዛ በመስኮት ሐይቁን እያየች አንዲት ቃል አትተነፍስም። ከቁም ነገር ያልቆጠረችኝ መስሎኝ ተቀይሜያት አውቃለሁ።

የኢንሹራንሱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ከፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ ጊዜው ረዝሟል ማለት ነው። ምሥጋና የምትባል በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ አስተናገደችኝ። ወረቀቶቼን ስትገልጥ ቅንድቧ ከፍ አለ፤ ማን እንደ ሞላው ጠየቀችኝ፤ እኔ አልሁ፤ የሁሉ ሰው ቅጽ እንዲህ ቢሆን ቀኔ ግማሽ በሆነ አለች። ወዲያው ወደድኋት። ስለ ዓይን ምርመራው ስጠይቃት ግን መልሳ ልትጠይቀኝ ፈልጋ በመሀል ሳቀች።

«ዓይን? እኛ የመኪናውን እንጂ የሰውን መብራት አናይም። መንጃ ፈቃዱ የጸና ነው፤ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ አለቀ።»

ስለ ምክንያቱም ጠየቅኋት። ሰማዕቱን ጠቅሼ መንገር አፍሬ፣ አባቴ ሰው መክሰስም መዋሸትም የማይወድ ነው ብቻ አልኋት። የእስክሪብቶዋን ጫፍ መስመሩ ላይ አሳርፋ «ተገቢውን ርቀት ባለመጠበቅ» በይው አለችኝ፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ተገቢውን ርቀት ባለመጠበቅ! አራት ቀን ሙሉ ስፈልጋት የነበረች ዓረፍተ ነገር ይች ናት። እውነት ናት፤ ማንንም አትነካም፤ ጊዮርጊስም በሰላም ይኖራል። እዚያው ቆሜ በጥሩ እጅ ጽሑፌ ጻፍኋት። ምሥጋና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ነኝ አለች፤ የአባቴ ፊርማና ባለ ባጃጁ በገዛ እጁ የጻፈው ስምና ስልክ ዛሬ ከገባ ሰኞ መርማሪ ይልካሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መኪናዋ እንደ አዲስ ሆና መንገድ ላይ ናት። ከደረጃው ስወርድ እየዘለልሁ ነበር። እትዬ እሌኒን ምን ብዬ እንደማሳፍራቸው ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

ባለ ባጃጁ ግሩም ይባላል። ስልኩን ከፖሊሱ ወረቀት ላይ አግኝቼ ስደውልለት «የአባባ ልጅ ነሽ?» አለኝ፤ ጊዮርጊስ አካባቢ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ነው፣ ነይ አለኝ። ሄድሁ። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፀጉሩን ከጎን ተላጭቶ ከላይ አጉፍሮታል። ከዘንባባው ጥላ ሥር ባጃጁ ላይ ተጋድሞ ቆሎ ይበላ ነበር፤ ሳልጠይቀው ከቆሎው ዘገነልኝ። በእኔ በኩል ምንም ነገር የለም አለ፤ የኋላ መብራቱን አባባ በነጋታው ገዝተው አምጥተውልኛል፣ ሌላውን በመዶሻ አቃንቼዋለሁ። ስሙንና ስልኩን በየቦታቸው ጻፈልኝ። ልሄድ ስል፣ ለነገሩ ያህል፣ የተጋጫችሁት የት ላይ ነው አልሁት። ወረደና ወደ ኋላ፣ ወደ መጣሁበት መንገድ ይዞኝ ሄደ።

ከአስፋልቱ ዳር የዲኤክሳችን መብራት ስብርባሪ ገና አለ፤ ሰው ጠርጎ ከጠርዙ አስጠግቶታል። ቀና ብዬ አየሁ። ፊት ለፊታችን ያለው ጅምር ሕንፃ ነው፤ በአረንጓዴ መረብ የተሸፈነ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ የተደረደረበት፣ አናቱ ላይ ሁለት ሠራተኞች ተቀምጠው ምሳቸውን የሚበሉበት። የጊዮርጊስ በር ወደ ፊት ነው። አባቴ የተጋጨው ጊዮርጊስ ጋ ሲደርስ ሳይሆን ገና ሳይደርስ ነው። ተራመድሁና ቆጠርሁት፤ መቶ አርባ እርምጃ።

«እዚህ ጋ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?»

«በስፖኪዮ እያየኋቸው ነው እንጂ» አለ ግሩም። «እጃቸውን ከመሪው አነሡ፤ አማተቡ፤ ጎንበስ አሉ። ይህን ሕንፃ ነው እንዴ የሚሳለሙት፣ የእሳቸው ነው እንዴ ብዬ ስስቅ ተሳፋሪዬ ወራጅ አለች፤ ፍሬን ያዝሁ። ከዚያማ መጡ።» ቆሎውን ቆረጠመና ድምፁን ለወጠ። «ሌላም ነገር አለ፤ አትቀየሚኝ። ሲወርዱ እኔን አልፈውኝ ሄደው ተሳፋሪዋን ነው ‹ልጄ፣ ይቅር በለኝ› ያሏት። ሴት ናት እኮ። ነጠላ የለበሰች።»

አልተቀየምሁትም። አመስግኜው ስሄድ ቆሎው እጄ ውስጥ እንዳለ ነበር። አረንጓዴው መረብ በነፋስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዓይንን ጨፈን አድርገው ቢያዩት፣ ከሩቅ፣ ዛፍ የበዛበት የቤተ ክርስቲያን አጸድ ይመስላል። ጨፈን አድርጌ አየሁት። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ። ባጃጅ። ሴትዮዋ ልትሻገር ነው። ቀይ ሆነ። ጊዮርጊስ። ያን ሁሉ ዓመት ከኋላ ወንበር የሳቅሁበት ነገር አንድ በአንድ ወደ ፊቴ መጥቶ ቆመ። እሷ ከጎኑ ከተቀመጠች አባቴ ያያል። ሰኞ ዕለት ግን የፊት ወንበሩ ባዶ ነበር፤ የለመደው እጁ ብቻ፣ መንገዱን በልቡ ቆጥሮ፣ መቶ አርባ እርምጃ ቀድሞ አማተበ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ እኔ ሲከፋኝም የምጀምረው በንዴት ነው። እንዴት አይናገርም አልሁ። ቀጥዬ ደግሞ ለማን ብሎ ይናገር አልሁ። አሥር ሜትር ርቀት ላይ የጎደለች ክር ያይ የነበረ ሰው፣ ልጁን ጠርቶ ፊትሽን ለይቼ አላየውም ይበላት? ምላሴን ያውቀዋል እኮ። ከሁሉ የከፋው ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቅጽ ነው። ሁሉም ነገር ተሟልቷል፤ ቢፈርም በሁለት ሳምንት መኪናዋ ትታደሳለች፤ አዲስ መብራት ተገጥሞላት፣ አባቴ ተነሥቶ ይነዳታል። እናቴ አንድ ቀን ታማ ትቀራለች፣ ወይ ለቅሶ ትሄዳለች። ያን ቀን ከፊቱ የሚቆመው ባጃጅ ላይሆን ይችላል። ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት የተከፈለበትን መብታችንን አስከብራለሁ ብዬ የተነሣሁት፣ ያንን ቀን በገዛ እጅ ጽሑፌ ሞልቼ ላስገባው ነው።

አባቴ ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ ከጡረታ ጓደኞቹ ጋር ሐይቁ ዳር፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ይቀመጣል። ስደርስ ጓደኞቹ ሄደው ብቻውን ነበር። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ውኃው ዞሯል። አጠገቡ እስክደርስ ዝም አለኝ፤ «አባዬ» ስለው ነው ፊቱ የበራው። ይህንንም ስንት ጊዜ አይቼው ሳላየው ቀርቻለሁ። ተቀመጥሁ። ቆሎ ሰጠሁት። ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ ውኃው ያብለጨልጫል፤ ከማዶ ያለው ዳርቻ ዛፍ በዛፍ ይቆጠራል፤ አንድ ሰው ታንኳው ላይ ቆሞ መረብ ሲጎትት ክንዱ ሳይቀር ይለያል።

«ጭጋጉ ዛሬም አልተነሣ» አለ አባቴ።

«አልተነሣም» አልሁ።

ቆሎውን እያኘከ ምን እንዳሉኝ ጠየቀ። ስለ ደረጃው ነገርሁት፣ ስለ ቢጫው ወረቀት ነገርሁት፤ ሳቀ። ቅጹን አውጥቼ ምክንያቱን አነበብሁለት። ተገቢውን ርቀት ባለመጠበቅ። ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ ደገምሁለት። እንደ ጥሩ ጨርቅ በጣቶቹ መሀል የሚያሽው መሰለኝ።

«ይህ እውነት ነው» አለ። «አንቺ እኮ ብልህ ነሽ። እስክሪብቶ አለሽ? የት ጋ ነው የምፈርመው?»

እስክሪብቶውን ሰጠሁት። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ጣቱን በወረቀቱ ላይ ወደ ታች ነዳና የባለ ባጃጁ ስም ላይ አቆመው። እጄን ሰድጄ ጣቱን ሁለት መስመር ዝቅ አደረግሁለት። እጁ ሞቃት ነበር። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ፣ ሳይፈርም፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦

«ያቺ የእሌኒ ወሬስ? ይመረምራሉ እንዴ?»

እውነቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ምሥጋና በሳቅ ነግራኛለች። በሕይወቴ ለሰው ብዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ በማኅተምም በቴምብርም፤ ለአባቴ ግን ዋሽቼው አላውቅም፤ መዋሸት የማይችል ሰው ፊት መዋሸት እንደ ስርቆት ነው። የታንኳው ሰውዬ መረቡን ጨርሶ ጎትቶ ቁጭ አለ። እትዬ እሌኒን፣ ያችን የምትለዋወጥ ፊደላቸውን፣ ስሙ የማይታወቀውን የግሽ አባይ ሰውዬ፣ ሁሉን አሰብሁ። ከእነሱ የተሻለ ምንም አልነበረኝም። አታይም ከምለው ይመረምሩሃል ማለቱ ይሻላል።

«ይመረምራሉ» አልሁ። «ሐኪም ቤት ይልካሉ። ሳያዩ አይከፍሉም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላችን ባጃጆች ያልፋሉ፣ አንዱ ጡሩንባ ነፋ፣ ዋርካው ላይ ወፎች ተጣሉ። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን አንሥቶ ጠበቅ አድርጎ ገጠመው፣ ወረቀቱን በልኩ አጠፈው፣ ሁለቱንም ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እንግዲያው ይቅር» አለ። «ስለ ሃያ ስድስት ሺህ ብር ተብሎ የሰው መሳቂያ አልሆንም።»

«ይቅር» አልሁ። እንዲህ ቶሎ እሺ ስል ሰምቶኝ አያውቅም፤ ዞር ብሎ ወደ ድምፄ አየ። ከኮቱ ኪስ ቁልፉን አወጣ። ቁልፉ ላይ ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን የሚወጋባት ትንሽ ሜዳሊያ ተንጠልጥላለች፤ ከመታሸት ብዛት ፈረሱ ይለያል እንጂ ዘንዶው ጠፍቷል። ባትሪዋ እንዳይሞት በየሁለት ቀኑ አስነሻት አለኝ። ጠዋት ጠዋት ለአምስት ደቂቃ፣ ቤንዚን ሳትረግጪ። መብራቷን በቀስታ ትገዢላታለሽ፤ ካገለገለ ዕቃ አዲሱን ምረጪ። ቁልፉ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ከብረት የከበደ ነበር። ተነሥተን ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ያዘ፤ ሌላ ጊዜ እኔ ነኝ የምይዘው።

«ሰኞ ሱቅሽን ትዘጊያለሽ?» አለ መንገድ ላይ።

«ለምን?»

«እንዲያው። ሐኪም ቤት ብታደርሽኝ። ኢንሹራንስ ለመጠየቅ አይደለም።»

እዘጋለሁ አልሁት። የሰኞ ገበያዬ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ አላነሣሁትም። ጊዮርጊስ በር ስንደርስ፣ በደንብ ስንደርስ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጊዮርጊስ» አልሁ። ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማተበ። ክንዴን ጠበቅ አደረጋት።

እናቴ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገባች፤ ልክ ምሥጋና ቢሮዋን በምትቆልፍበት ሰዓት ማለት ነው። በአንድ እጇ የሽምብራ ከረጢት፣ በሌላው ከተዝካሩ የተረፈ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ከረጢቱን ሳታስቀምጥ መኪናዋን አየች። አንሶላውን በአንድ ጣቷ ገለጠች፣ ለረዥም ጊዜ አየች፣ መልሳ ሸፈነች። እኔ ለምላሷ ተዘጋጅቻለሁ፤ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን የሚፈታ መሰለ፤ ጫማው የተፈታ ነበር።

«ሰው ተጎድቷል?» አለች።

«ማንም» አለ አባቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ከረጢቱን አወረደች። «ኢንሹራንሱስ?»

«ተውነው። ዓይን ይመረምራሉ አሉ።»

«አይ እነሱ» አለች እናቴ፤ ይህን ብቻ። ቁልፉ በእኔ ቀበቶ ላይ እንደ ተንጠለጠለ አየችው፤ ዓይኗን ወዲያው አነሣች። ከዚያ አባቴ አጠገብ ተቀምጣ፣ እግሯን እየታጠበች፣ ስለ ተዝካሩ አወራችልን፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የትኛው ዘመድ በሽምብራ ዋጋ ተጣላ። ድፎውን ቆርሳ ለአባቴ ስትሰጠው በእጁ ላይ አኖረችለት እንጂ ወደ እሱ አልዘረጋችለትም። ይህንንም ዛሬ ነው ያየሁት። ስንት ዓመት እንዲህ እንደሰጠችው ማን ያውቃል። ልነግራት ልቤ ተነሣ፤ በመሀላችን ግን አባቴ ተቀምጦ ዳቦውን እየበላ ነው፤ ተውሁት።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ እሌኒ ነፍስ ይማር ሊሉ መጡ። አለቀሱ፣ ድፎ በሉ፣ ስለ ሽምብራው ዋጋ አስተያየት ሰጡ። ሲወጡ እኔ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ጠዋት ያዘጋጀሁት የማሳፈሪያ ቃል አፌ ውስጥ ገና ትኩስ ነው፤ ባይጠቅመኝም ሳልተፋው ማደር አልቻልሁም።

«እትዬ፣ ዛሬ ቢሮው ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ» አልኋቸው ድምፄን ቀንሼ። «ዓይን የሚባል ነገር የለም። የሚመረምሩት መኪና ነው። ከፋሲካ ጀምሮ የሌለ ሰውዬ ነው በአጥር ላይ ሲሰቅሉብን የኖሩት።»

ይቆጡኛል ስል ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በረንዳው አዩ። እናቴ ለአባቴ ሁለተኛ ቁራሽ እጁ ላይ እያኖረች ነበር።

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ» አሉ። «በሑዳዴ ነው እናትሽ መጥታ ይህን ወሬ ጋሼ ምናሴ ባለበት ደጋግመሽ በዪልኝ ብላ የለመነችኝ። እኔ የጨመርሁባት ፊደሏን ብቻ ነው።»